እናታችንን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ

ለውድ እህቴ፣

ጫማዬን አድርጌ ነው የወጣሁት። በቤት ጫማ ሳይሆን ማሰሪያ ባለው ጥቁር ጫማዬ፣ ቦርሳዬን ይዤ፣ የሹራቤን ቁልፎች ሁሉ ቆልፌ፣ በዋናው መውጫ። ልጅሽ ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ፣ እናንተ ዘንድ «አክስትሽ አእምሮዋን ስታ፣ በክብሯ ቀን ከአዳራሽ በነጠላ ጫማ ሮጣ ወጣች» ተብሎ መወራቱን እየፈራች ነገረችኝ። አልሮጥኩም። በሰማንያ አንድ ዓመት ማን ይሮጣል? ጉልበቴ አንድ ደረጃ ለመውረድ እንኳ እጅ መንሻ ይፈልጋል። አእምሮዬም በቦታው ነው፤ ቢስትልኝማ ይህን ደብዳቤ ከመጻፍ በዳንኩ ነበር። ከወሬው ሁሉ እውነቱ መውጣቴ ብቻ ነው። ለምን እንደ ወጣሁ ግን ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ፈልጌ ብዕር አነሣሁ።

አሁን ወደ ሥርዓቱ ልመለስ። እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? ስፌት መኪናው ላይ ማጎንበስ ቀንሻለሁ ብለሽኝ ነበር፤ ልጅሽ ደግሞ ምኑን ቀነሰችው ትላለች፤ ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል፤ አንቺን እጠረጥራለሁ። ዐይንሽስ እንዴት ነው? መርፌው ውስጥ ክር ማስገባቱን ለልጅ ልጆችሽ ተውሽላቸው ወይስ አሁንም ክሩን በምላስሽ እያሾልሽ ከብርሃን ጋር ትሟገቻለሽ? ሰዓት ሠሪው ባለቤትሽ ያ ሳል ለቀቀው? ቤታችሁ ውስጥ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ አሁንም የየራሳቸውን ሰዓት ነው የሚናገሩት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እህል ይወርድልኛል፤ መድኃኒቴንም በሰዓቱ እውጣለሁ። ደህና ያልሆነው ሌላ ነው፤ እሱን ነው አሁን የምጽፍልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትምህርት ክፍላችን በሕይወቴ የጻፍኳቸውን ግጥሞች በአንድ ጥራዝ ሊያሳትም ተነሣ። መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቶ ሳለ ዕድሜዬን ምክንያት አድርገው የምስጋና ቀን አዘጋጁልኝ። በትልቁ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ አረንጓዴ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ኋላ አስቀመጡኝ። ፊቴ የተደረደረው የፕላስቲክ አበባ አቧራው አልተጠረገም ነበር፤ የድምፅ ማጉያው በተነካ ቁጥር ያፏጫል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ራሱ ሸብቶም ሲያየኝ ሸሚዙን ወደ ሱሪው ይከታል። እሱ ተነሥቶ የሕይወት ታሪኬን አነበበ። ሁለት ገጽ ተኩል ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሲያነብ በልቤ አርመው ነበር፤ የኖርኩበት አመል አልለቀቀኝም። እዚያ ያልተናገርኩትን እርማት ለአንቺ ልጻፈው።

«በልጅነታቸው ባሳዩት ልዩ ተሰጥኦ ተመርጠው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ» አለ። ይህ ስሕተት ነው። ፈተናውን ሁለታችንም ተፈትነን ሁለታችንም አለፍን፤ አንቺ በሦስት ነጥብ በልጠሽኝ። አባባ ማስተማር የሚችለው አንድ ልጅ ብቻ ስለ ነበር፣ ታላቂቱ ትቅደም፣ ታናሺቱ እናቷን ታግዝ ብሎ ወሰነ። ቤት ውስጥ እኔን ማስመሪያ፣ አንቺን ጨዋታ ይሉን እንደ ነበር ታስታውሻለሽ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ማስመሪያ ሄዳ ጨዋታ ስለ ቀረችለት ደስ ብሎት ነበር፤ ምን እንደሚያስቀርብሽ ያሰበ አልነበረም። አላለቀስሽም። በትራስ ልብሴ ላይ የአዳሪ ቁጥሬን በቀይ ክር ጠለፍሽልኝ፣ ሳጥኔን ሸከፍሽልኝ፣ መኪናው ሲነሣም «ማስመሪያ፣ ሰዉን ሁሉ ቀጥ ካላደረግሁ እንዳትዪ» ብለሽ አሳቅሽኝ። ያን ሦስት ነጥብ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አንሥተሽው አታውቂም። እኔም አላነሣሁትም። የእኔ ዝምታ ግን ከአንቺ ዝምታ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

«በጥብቅ ሥነ ሥርዓት ተኮትኩተው አደጉ» አለ። ይህ ልክ ነው። ርዕሰ መምህርታችን ድርሰት ስንጽፍ ከኋላችን እየተዘዋወረች «ማን አየ?» ትል ነበር። ወንዙ ሞላ ብሎ የጻፈ ሰው ወንዙን ያየ መሆን አለበት፤ ካላየም ያየውን ሰው ይጥቀስ። ካልጠቀሰ ማስመሪያው እጁ ላይ ያርፋል። ከክፍሉ ልጆች ያልተመታሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በዚህም ዕድሜዬን ሙሉ ስኮራ ኖርኩ። ያልተመታሁት ግን መመታት የሚገባው ጽሑፌ ገና ስላልተጻፈ ነው።

«በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያዋ ሴት የሥነ ጽሑፍ መምህርት» አለ። ይህም ልክ ነው፤ ቢሮዬ ከደረጃው ሥር የነበረው የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ እንደ ነበር ግን አላነበበም። ተማሪዎች ደረጃውን ሲወጡ የሲሚንቶ ብናኝ ወረቀቴ ላይ ይዘንብ ነበር። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው የካርድ ሥራ የጀመርኩት። ደስ ያለኝን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በትንሽ ጠንካራ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ ከሥሩ የባለቤቱን ስምና ገጹን አሰፍራለሁ፤ በፊደል ተራ በእንጨት መሳቢያ አስገባለሁ። ተማሪዎች ያላገባሁት ካርድ የሚሞላ ወንድ ጠፍቶ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር፤ የሰማሁ አልመሰልኳቸውም እንጂ ቀልዱ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፌ በዚያ ዘመን ወጣ። ቤቱ በቤት ላይ፣ ምጣኔው በምጣኔ ላይ ልክ ነበር። አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር አንብበው ሲያበቁ ቢሯቸው አስጠርተው፣ «ልጄ፣ ግጥምሽ በደንብ የተጠረገ ቤት ነው፤ ሰው ግን አይኖርበትም» አሉኝ። ይህች ቃል ለዓመታት እሾህ ሆና እግሬ ውስጥ ኖረች።

ከዚያ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ነው ጉድ ያፈላው። «ወላጅ እናታቸውን ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ከአልጋቸው ሳይለዩ አስታመው ከቀበሩ በኋላ፣ ያ መራራ ጊዜ ‹ዐሥራ አንድ ወር› የተባለውን ታላቅ ሥራቸውን ወለደ» ብሎ አነበበ። አዳራሹ አጨበጨበ።

እህቴ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በየመጽሔቱ፣ በየመግቢያው፣ በየተማሪው ጽሑፍ ሳነበው ኖሬ አንድ ቀን አላረምኩትም። የማላውቀውን ሰው የነጠላ ሰረዝ ግድፈት በደብዳቤ የማርም ሴት ነኝ።

እናታችንን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ። ማንሣት፣ ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጉረስ፣ ያደፈውን መለወጥ፣ ሁሉም በአንቺ እጅ ነው ያለፈው፤ ያውም የሰው ልብስ በቀጠሮ እየሰፋሽ፣ ልጅሽን ደረትሽ ላይ ይዘሽ። እኔ እዚህ ከደረጃው ሥር ለማዕረግ ዕድገት የሚቀርብ ጥናት እጽፍ ነበር። መድኃኒትና ብርድ ልብስ ላክሁ። ራሴን ግን አልላክሁም። የመጣሁት ከተቀበረች በኋላ ነው።

አንቺ በየወሩ ደብዳቤ ትጽፊልኝ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ደብዳቤ። ከትእዛዝ መቀበያ ደብተርሽ በተገነጠለ ወረቀት ነው የምትጽፊው፤ በጀርባው የደንበኛ የደረትና የወገብ ልክ አለ። በሦስተኛው ላይ፣ «እማማ እንደ ታጠፈ ልብስ ሆናለች፤ አነሣታለሁ፣ የት እንደማኖራት ግን ይጨንቀኛል» ብለሽ ጻፍሽ። ሰው የሚኖርበት ቤት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ። ታዲያ እኅት የተባለ ሰው ይህን አንብቦ ምን ያደርጋል? ሻንጣውን ያነሣል። እኔ ካርድ አነሣሁ። ዓረፍተ ነገሩን ገለበጥኩት፤ ከሥሩ የባለቤቱ ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ግን ምንም አልጻፍኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ ስምሽን የማውቀው ስለ ሆነ መጻፍ አያስፈልግም የሚል ነበር። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት ያለ ሊቅ ይሆናል መሰለሽ!

መጽሐፉ ሲወጣ ዓለም ተገለበጠልኝ። ሽልማቱ፣ ማዕረጉ፣ መስኮት ያለው ቢሮ፣ በመማሪያ መጽሐፍ መግባቱ፣ ሁሉም ከዚያ በኋላ መጣ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር እጄን ይዘው አሁን ቤቱ ውስጥ ሰው አየሁ አሉ። ማን እንደ ሆነ አልጠየቁኝም። ለአንቺም አንድ ቅጂ ላክሁልሽ። መልስሽ አንድ መስመር ነበር፤ «መጽሐፉ ደርሶኛል፤ ወረቀቱ ቆንጆ ነው» የሚል። እኔ ደግሞ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ እህቴ ልብስ ሰፊ ስለ ሆነች ከግጥሙ ይልቅ ጨርቁን አየች ብዬ አሳቅሁበት። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎችሽ አጠሩ። ደህና ነን፣ ደህና ሁኚ፣ ልጅቷ አደገች። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩ። ጨዋታ ዝም ስትል እንኳ ምነው አላልኩም።

በዚያው ዓመት ደግሞ አንድ ተማሪ ከሌላ ሰው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ያለ ስም ገልብጦ አቀረበልኝ። በክፍሉ ፊት አቁሜ፣ የሰውን ቃል ያለ ስም መውሰድ ከሰው ሰሃን ማንሣት ነው አልኩትና ጣልኩት። ዓመቱን ከሚደግም ትቶ ሄደ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው። ይህ ሰው ዛሬ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ እርሳስ የምገዛው ከእሱ ነው። ሁልጊዜ ቀርጾ ይሰጠኛል።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ጥራዙን የምታዘጋጀው የመጨረሻዋ ተማሪዬ ናት፤ አሁን እዚያው መምህርት ሆናለች። ስትማር ጥያቄዋ ስለማያልቅ ወይዘሪት ለምን ብዬ ነበር የምጠራት፤ ስሙ ተለጠፈባት። የካርድ መሳቢያዎቼንና ወረቀቶቼን ሁሉ እንድታደራጅ ሰጠኋት። ደብዳቤዎችሽ እዚያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ፖስታ ነበሩ፤ ፖስታው ላይ በገዛ እጄ «ምንጭ» ብዬ ጽፌበታለሁ። መደበቅ እንኳ የማላውቅ ሥርዓታም ሌባ ነኝ።

ለምስጋናው ቀን ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቤቴ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ግጥሙን በአንድ በኩል፣ ደብዳቤዎቹን በሌላ በኩል ደረደረች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«መምህርት፣ እህትዎ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የት ናቸው?» አለችኝ።

ግጥም የግርጌ ማስታወሻ የለውም አልኳት። በአስተማሪ ድምፄ ነው ያልኳት። እሷም ሰባተኛውን ደብዳቤ አውጥታ ፊቴ አኖረችው። ምን ብለሽ እንደ ጻፍሽ አንቺ ረስተሽው ይሆናል። «እትዬ፣ የቱንም ያህል ሥራ ቢኖርሽ ነዪ። በሩ በጮኸ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ እኔ ስሆን መልሳ ታስተኛዋለች። ነዪ። እኔ ሌላ ሰው መሆን አልቻልኩም» ይላል። ከሥሩ በእርሳስ ተሰምሯል። በጠርዙ ላይ ደግሞ በእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ «ጥሩ። ለመዝጊያ ይሆናል» የሚል አለ።

ወይዘሪት ለምን ጣቷን እዚያ ላይ አኖረች። ለምን ሳትል የወጣችው የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ደብዳቤው የደረሰኝን ቀን አስታውሰዋለሁ። የፈተና ሰሞን ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አሰመርኩበት፤ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ክፍል ገባሁ። በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ አልኩ። በወሩ መጨረሻ በሚቀጥለው አልኩ። እኔ «ነዪ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቤ ዘይቤውን ያደነቅሁ ሰው ነኝ፤ ትምህርት ሰውን እስከዚህ ሊያደነቁረው ይችላል።

የባሰው ገና ነው። በግጥሙ መዝጊያ በር ይጮኻል፤ እናት አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ የምትገባው እኔ ነኝ። አንቺ «መልሳ ታስተኛዋለች» ያልሽውን ቆርጬ «እኔን አይታ ፈገግ ትላለች» አልኩበት። ልጆች ይህን ስንኝ በቃላቸው ያጠኑታል። እማማ ግን በዚያ አልጋ ላይ አንድ ቀን እንኳ አይታኝ ፈገግ አላለችም፤ ዕድሉን አልሰጠኋትም። ፈገግታዋን ፈጠርኩት፤ እኔን ጠብቃ ቀና ያደረገችውን አንገቷን ከደብዳቤሽ ወሰድኩ፤ በየቀኑ በዚያ በር ገብታ የምትጠበቀው እሷ አለመሆኗን በእናቷ ፊት ላይ ታነብ የነበረችውን ሴት ደግሞ ከቤቱ አስወጣኋት። መጽሐፉ ሲደርስሽ ይህን አንብበሽ ነው «ወረቀቱ ቆንጆ ነው» ያልሽኝ። አሁን ገባኝ። ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ማለት ነው።

ወይዘሪት ለምን ከሄደች በኋላ ያደረግሁትን ብነግርሽ ታፍሪብኛለሽ። ምንም አላደረግሁም። ስትደውልልኝም ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን አልኳት። ለአዳራሹም ጥቁሩን ጫማ አስጠረግሁ።

እና ያ ዓረፍተ ነገር ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ኃላፊውም ማጉያውን አቀበለኝና ጥቂት ቃል እንድናገር ለመነኝ። ተነሣሁ። ልናገር ነበር፤ በፈጣሪ ስም እልሻለሁ፣ አስታማሚዋ እህቴ ናት የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወይዘሪት ለምን ብዕሯን ይዛ፣ ሳትጽፍ ታየኛለች። ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፤ አፏጨ፤ ቦርሳዬን አንሥቼ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር ተነሥቼ ሳልናገር የወጣሁ ፈሪ ነኝ። ወሬው ይህን ቢያወራ ኖሮ አላርመውም ነበር። ኃላፊው ማታውኑ ደውሎ፣ በእናትዎ ትዝታ ልብዎ ተነክቶ ነው ብለን ገለጽን፤ ሰዉ ሁሉ አለቀሰ አለኝ። እንግዲህ ውሸቴ ጭብጨባ ብቻ ሳይሆን እንባም አተረፈ።

በሦስተኛው ቀን ፖስታ ልገዛ ያ ድሮ የጣልኩት ተማሪ ሱቅ ሄድኩ። ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ የአንድ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ እያደረገ ሳለ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ ታሪኩን ሁሉ ዘከዘክሁለት። ሥራውን ጨረሰ፣ ወረቀቶቹን መታ መታ አድርጎ አስተካከለ፣ ሰውየውንም ሸኘ።

«መምህርት፣ እኔ እኮ ሁለት ገጽ ነው የወሰድኩት» አለ።

አዎ አልኩት። ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ከዚያ ሣቁ አለቀብኝና እዚያው ባንኮኒው ላይ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ውሃ ሰጠኝ። ጥቂት ቆይቶ፣ «ለእኔ የነገሩኝን ለእህትዎ ነግረዋቸዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነገርኳትም አልኩ። «ታዲያ እኔ ምን ላድርገው?» አለና ፖስታውን ሰጠኝ። በዚያ ፖስታ ነው ይህ የሚደርስሽ።

አሁን ጉዳዬን ልናገር። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን በእኔ ቃል አቁሟል፤ መልስሽን እጠብቃለሁ ብያለሁ። ወይዘሪት ለምን ዐሥራ አንዱ ደብዳቤዎች እንዳሉ፣ አንድ ቃል ሳይነካ፣ ከግጥሙ በፊት ይግቡ፤ ስምሽም ሽፋኑ ላይ ይሁን ትላለች። እኔም እስማማለሁ፤ ስምሽ ከእኔ በላይ ይሁን። ነገር ግን ያለ ፈቃድሽ አንድ ጊዜ አሳትሜሻለሁ፤ ሁለተኛ አላደርገውም። ደብዳቤዎቹን የጻፍሽው ለእህትሽ እንጂ ለአገር አይደለም። አይሆንም ካልሽ ግጥሙን ከጥራዙ አወጣዋለሁ፤ መካከሉ ባዶ ሆኖ ይታተም። ይመለሱልኝ ካልሽም በአደራ እልካቸዋለሁ፤ በእርሳስ ያሰመርኩትን በላጲስ ላጥፋው ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን አላጠፋውም፤ ያደረግሁትን እዪው። ዝም ካልሽ ግን ዝምታሽን እንደ እሺታ አልወስደውም። ሠላሳ ሰባት ዓመት እንደዚያ ወስጄዋለሁ።

ስለ ራሴ የምለምንሽ ይቅርታ ነው፤ እሱን ግን ከመጽሐፉ ጋር አንድ ላይ መልሺልኝ አልልም። ለመጽሐፉ ቶሎ መልስ ስጪ፤ ለእኔ ጊዜ ውሰጂ። ጊዜ ውሰጂ ስልሽ ግን ብዙ የተረፈኝ እንደሌለ አትርሺ፤ እንደ ባልሽ ሰዓቶች አትሁኚብኝ። ቁጣሽንም አትቆጥቢው። ስትቆጪ አፍሽ ይበልጥ እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ይህንን ግን ካርድ ላይ አልጽፈውም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለይልሽ። ደብዳቤዎቹ የአንቺ ናቸው፤ ስለ እነሱ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ውሸቱ ግን የእኔ ነው፤ እሱን ለማረም የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም፤ አንቺንም አላስጠብቅሽም።

ሰዓት ሠሪው ወንድሜን ደረቱን እንዲሸፍን ንገሪልኝ፤ ሳል ቀልድ አይደለም። ልጅሽን፣ እየፈራችም ቢሆን እውነቱን ስለ ነገረችኝ አክስትሽ አመስግናሻለች በያት፤ ዐሥራ አንዱን ወር ደረትሽ ላይ ያሳለፈች ልጅ ስለ ሆነች፣ ፈቃድሽ ከሆነ ይህን ደብዳቤ ታንብበው። ዝምተኛው አማችሽ ሰላምታዬን ሲሰማ ራሱን ነቅነቅ ካደረገ ደርሶታል ማለት ነው። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ ያቺን የምትለፈልፈዋን ዝም በዪ የሚላት ሰው ካለ እኔ እንደተቆጣሁ ንገሪው። ከጎንሽ ያለችውን ልብስ አጣቢ ጎረቤትሽንም፣ እማማን አብራሽ ታገላብጥ እንደ ነበር በአምስተኛው ደብዳቤ ላይ ስላነበብሁ፣ ስሟ ባልተጠራበት በዚያ ሁሉ ዘመን ምትክ እጅ ነሥቻለሁ በዪልኝ።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ የማደርጋቸው እነዚህ ናቸው። ፖስታ ቤት ሲከፈት ገብቼ ይህን በአደራ እልካለሁ። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው እሻገርና ኃላፊው ቢሮ ገብቼ፣ የሕይወት ታሪኬ ላይ «አስታመው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በፊቱ እሰርዛለሁ። ሸሚዙን ቢከትም ባይከትም ግድ የለኝም። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ወይዘሪት ለምን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «ዐሥራ አንድ ወር»ን ታስተምራለች፤ ዐሥር ደቂቃ እንድትሰጠኝ ጠይቄ ፈቅዳልኛለች። ወንበር ቢያመጡልኝም አልቀመጥም። እናታችን ስትታመም እኔ አልነበርኩም እላቸዋለሁ፤ ያስታመመቻት ታናሽ እህቴ ናት እላቸዋለሁ፤ ነዪ ብላኝ ሳልሄድ ቀረሁ እላቸዋለሁ። ከዚያ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ ብዬ፣ የመጨረሻው እጅ እስኪወርድ ድረስ እዚያው እቆማለሁ።

ታላቅ እህትሽ

ከመጻሕፍት ክፍሌ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን።